የደጋ አጋዘን መንጋ አያያዝ በአደን ቀጠና፦ ከቆጠራ እስከ ኮታ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሐዋሳን መነሻ አድርገው በሻሸመኔ በኩል ወደ ኮፈሌና ዶዶላ፣ ወይም በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ሙኔሳ ደን እየወጡ ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ቀጠና ለሚያስተዳድሩ፣ እዚያው በስካውትነት (በዱር እንስሳት ጠባቂነት) ለሚሠሩ፣ ከወንዶ ገነት ኮሌጅ ተመርቀው ሥራውን ለሚጀምሩም ነው። የሚናገረው ስለ ደጋ አጋዘን ብቻ ነው። ድኩላና ሚዳቋ በዚያው ደን ቢኖሩም አኗኗራቸውም አቆጣጠራቸውም ሌላ ነው።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም፤ ያለውም በአርሲ፣ በባሌና በዙሪያቸው ባሉ ደጋዎች ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ተርታ ተመዝግቧል። ስለዚህ በአንድ ቀጠና ላይ በስህተት የተሰጠ ኮታ (በዓመት እንዲታደን የሚፈቀደው ቁጥር) የዝርያው ሁሉ ጉዳት ነው፤ ጎድሎ ቢገኝ ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ስለ ዲር የተጻፈው ምክር ለምን አይሆንም

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛው ምክር የአሜሪካና የአውሮፓ ነው፤ የሚያወራውም ዲር (deer) ስለሚባለው የፈረንጅ አጋዘን ነው። እኛ ሁለቱንም አጋዘን ስለምንላቸው ነገሩ ይምታታል። ልዩነቱ ግን አያያዙን ከሥሩ ይለውጠዋል።

ዲር ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፣ መልሶም ያበቅላል። ምግቡ በተሻሻለ ዓመት ቀንዱም ይተልቃል። የደጋ አጋዘን ቀንድ ግን ከራስ ቅሉ አጥንት ላይ የሚበቅል ቋሚ ቀንድ ነው፤ ከተሰበረ እንደተሰበረ ይቀራል። ሴቷ ቀንድ የላትም። በሌላ በኩል የአሜሪካዋ ባለ ነጭ ጅራት ዲር ምግብ ሲመቻት መንታ መውለዷ የተለመደ ነው፤ የእኛዋ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ወር አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። አንድ ክፉ ዓመት ያጎደለውን ለመመለስ ብዙ ዓመት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ሌላው ልዩነት መሬቱ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የግል የአደን መሬት የሚባል ነገር የለም። የዱር እንስሳት ጉዳይ ደግሞ በራሱ አዋጅ ይመራል። ቀጠና የያዘ ድርጅት በእጁ ያለው ውል ነው። ስለዚህ ረጅም አጥር አጥሮ፣ መኖ ዘርቶ፣ ሰው አስወጥቶ መንጋ ማሳደግ የሚለው የውጭ አሠራር እዚህ ቦታ የለውም። በሙኔሳ ኩኬም ሆነ በአባሸባ ደመሮ የአደን ቀጠና፣ ደኑን የሚጋራው ከብት አርቢና ገብስ ዘሪ ሕዝብ አለ። መንጋው የሚያድገውም የሚጠፋውም ከዚህ ሕዝብ ጋር በሚኖር ስምምነት ነው።

ዕድሜና ጾታ መለየት

ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ቡድኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ስያሜ ይያዝ። አንዱ «ጎረምሳ» ያለውን ሌላው «አውራ» ካለው ቁጥሩ ከንቱ ነው። አምስት ክፍል ይበቃል፦

ግልገል፦ ከእናቱ ትከሻ በታች የሆነ፣ ቀንድ የሌለው ወይም ገና እምቡጥ ያወጣ።
የዓመት፦ ከእናቱ ጋር የሚሄድ ግን ቁመቱ የተቃረባት። ወንዱ አጭርና ቀጥ ያለ ቀንድ አለው።
አዋቂ ሴት፦ ቀንድ የሌላት፣ ቀላ ያለ ቡናማ።
ጎረምሳ ወንድ፦ ቀንዱ መጠምዘዝ የጀመረ፣ አንገቱ ገና ቀጭን፣ ቀለሙ ከሴቷ ብዙም ያልራቀ።
አውራ፦ ቀንዱ ተጠማዝዞ ጫፉ ወደ ውጭ የከፈተ፣ አንገቱ የደነደነ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ቡናማ ወይም ግራጫ የዞረ።

ከ«የዓመት» ሴትና ከአዋቂ ሴት መካከል መለየት ከሁሉም ይከብዳል። ብቻዋን ከታየች አትገምቱ፤ «ሴት፣ ዕድሜ ያልተለየ» ብላችሁ መዝግቡ። በግምት የተሞላ ሰንጠረዥ ቀዳዳ ካለበት ሰንጠረዥ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ስህተቱ ከዚያ በኋላ አይታይም።

መቼ ይቆጠር

ግልገሎች ዓመቱን ሙሉ ይወለዳሉ፤ የሚበዙት ግን ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናትየው ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ አስተኝታ ትሄዳለች። በጥቅምት የቆጠረ ሰው እናቲቱን ያያል፣ ግልገሏን አያይም፤ ከዚያም «ዘንድሮ አልወለዱም» ብሎ ይጽፋል። ጥርና የካቲት ይሻላሉ፦ ግልገሉ ተነሥቶ መንጋውን ይከተላል፣ መንገዱም ደረቅ ነው፣ ኩሱም በዝናብ አይታጠብም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየዓመቱ በዚያው ወር መቁጠር ነው። የአንዱን ዓመት ጥር ከሌላው ዓመት ግንቦት ጋር ማወዳደር ምንም አይነግርም።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ሥራው ያለው ግን ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ደጋ ላይ ነው። የጥር ሌሊት እዚያ ውርጭ ነው። ቡድኑ ጋቢ፣ ወፍራም ካፖርትና ውኃ የማያስገባ ጫማ ይዞ ይውጣ፤ ብርድ ያደነዘዘው ቆጣሪ በሁለተኛው ቀን ማየት ያቆማል። ቁሳቁሱንም (50 ሜትር የመለኪያ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ቀይ ቀለም፣ የናይሎን ገመድ፣ እርሳስና ጠንካራ ደብተር) ከሐዋሳ ገበያ ገዝቶ መሄድ ነው። እስክሪብቶ በብርድና በርጥበት እምቢ ስለሚል እርሳስ ይሻላል።

በሰልፍ መቁጠር

በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ከመንገድ ዳር ቆሞ መቁጠር ደፋሮቹን ብቻ ያስቆጥራል። አስተማማኙ ዘዴ ድምፅ ሳያሰሙ ሰልፍ ሠርቶ ደኑን መጥረግ ነው።

መጀመሪያ ቀጠናውን በተፈጥሮ ወሰን፣ ማለትም በጅረት፣ በመንገድና በሸንተረር፣ ክፈሉት። 600 ሜትር ስፋትና 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ክፋይ (60 ሄክታር) ለአንድ ጠዋት ይመቻል። በሰልፈኞች መካከል 25 ሜትር ርቀት ከተያዘ 25 ሰው ያስፈልጋል። አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ወይም ቀርከሃው በተጠቀጠቀበት ርቀቱን ወደ 15 ሜትር አውርዱና ክፋዩን አጥብቡት፤ ሰው ሳይጨምሩ ርቀቱን ማስፋት አጋዘን ተኝቶ እንዲያሳልፋችሁ መፍቀድ ነው። ከሰልፈኞቹ ሌላ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት፣ በፊት ለፊት ጫፍ ከአራት እስከ ስድስት ታዛቢዎች ያስፈልጋሉ። ታዛቢዎቹ ሰልፉ ከመነሣቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው፣ በክፋዩ ውስጥ ሳያቋርጡ፣ ዞረው ቦታቸውን ይያዙ።

ሰልፉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ነፋሱ ከሰልፉ ወደ ፊት የሚነፍስ ከሆነ አጋዘኖቹ ሽታችሁን ቀድመው አግኝተው ታዛቢ ሳይደርስ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበላችሁ ሂዱ። አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል፤ ምልክቱ በእጅ ከጎን ወደ ጎን ይተላለፋል። ፉጨት የለም፣ ስልክ ይዘጋል።

የአቆጣጠሩ ሕግ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ሰልፈኛ የሚቆጥረው በእሱና በቀኙ ባለው ሰው መካከል ወደ ኋላ ያለፈውን ብቻ ነው። በግራው ያለፈው የግራ ጎረቤቱ ነው፣ ቢያየውም አይጽፈውም። በጎንና በፊት የወጡትን ታዛቢዎች ይጽፋሉ። ከውጭ ወደ ክፋዩ የገባ ካለ ከድምሩ ይቀነሳል። እያንዳንዱ መዝገብ ሰዓት፣ አቅጣጫ፣ ብዛት፣ የዕድሜና የጾታ ክፍል ይይዛል። ሥራው እንዳለቀ እዚያው ደኑ ዳር ተቀምጦ መዝገቦቹን በሰዓት ቅደም ተከተል ማመሳከር ግድ ነው። በሁለት ሰው መዝገብ ላይ በሁለት ደቂቃ ልዩነት የታዩ «ሦስት ሴት አንድ ግልገል» ምናልባት አንድ ቡድን ናቸው። ይህን ወደ ማታ ካስተላለፋችሁት ማንም አያስታውስም።

በአንድ ክፋይ 18 ተቆጠረ እንበል፦ 18 ለ60 ሄክታር ማለት በካሬ ኪሎ ሜትር 30 ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ይህን 30 በቀጠናው ስፋት ሁሉ ያባዙታል። አጋዘኑ ግን እኩል አይሰራጭም። የዝግባና የጽድ ደኑ ለብቻ፣ የተተከለው የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ ለብቻ፣ አስታው ለብቻ ይቆጠር፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ ሁለት ክፋይ ይወሰድ፤ እፍጋቱም በዚያው ዓይነት ስፋት ብቻ ይባዛ። ሰው የሚበዛበትን ክፍት መስክ ባዶ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ዜሮ ስጡት እንጂ የደኑን ቁጥር አታውሱት። የተተከለ ደን ግን አይናቅ፤ ሣርና ቁጥቋጦው አጠገቡ ካለ አጋዘኑ ቀን ቀን ይሸሸግበታል።

ሰው ለማሰለፍ አቅም በማይኖርበት ዓመት ኩስ መቁጠር ይቻላል። 5 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሲባጎ በችካል ላይ አስራችሁ ብታዞሩት 100 ካሬ ሜትር ክብ ይወጣል። 40 ክቦችን አስቀድሞ በካርታ ላይ በተሰመረ መስመር ላይ ምረጡ፤ አሮጌውን ኩስ ጠርጉ፣ ችካሉን ቀይ ቀቡ፣ ከ30 ቀን በኋላ ተመልሳችሁ አዲሱን ክምር ቁጠሩ። ውጤቱ የመንጋውን ብዛት አይሰጥም፤ ከዓመት ዓመት መጨመሩን ወይም መቀነሱን ግን ያሳያል። የፍየልና የበግ ኩስ ከሚበዛበት ቦታ ራቁ። ስካውቶቹ ከሥራው በፊት የአጋዘንን፣ የድኩላንና የፍየልን ኩስ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይለማመዱ።

ካሜራ ወጥመድ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ) ለአውራዎቹ ይጠቅማል። ከመሬት ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አዙራችሁ እሰሩት፤ ወደ ምሥራቅ የዞረ ካሜራ የጠዋት ፀሐይ እያየ ነጭ ሥዕል ይሰበስባል። ከፊቱ ያለውን ሣር እጨዱ፣ አለበለዚያ በነፋስ የሚወዛወዝ ቅጠል ባትሪውን ይጨርሰዋል። አንዱን አውራ ከሌላው የሚለየው በጎኑ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦች፣ የቀንዱ ቅርጽና የጆሮው ቅድ ነው። የግራ ጎኑና የቀኝ ጎኑ ነጠብጣብ አይመሳሰልም፤ ስለዚህ የግራና የቀኝ ፎቶዎችን እንደ ሁለት እንስሳ እንዳትቆጥሩ ሁለት ካሜራ ፊት ለፊት ግጠሙ።

ከቁጥሩ ወደ ኮታ

ለምሳሌ ያህል ድምሩ 120 ሆኖ እንዲህ ተከፋፈለ እንበል፦ 60 አዋቂ ሴት፣ 24 ግልገል፣ 14 የዓመት፣ 8 ጎረምሳ፣ 14 አውራ። 14 አውራ የሚለውን ያየ ባለሀብት «አምስት ብናድን ምን ይጎዳል?» ይላል። ስሌቱን ከታች እንጀምረው። ከ24 ግልገል ዓመት የሞላው 14 ከሆነ ግማሹ፣ ማለትም 7ቱ፣ ወንድ ነው። ከእነዚህ አውራ እስኪሆኑ ድረስ ነብር፣ ጅብ፣ ወጥመድና በሽታ ይወስዷቸዋል፤ 3 ቢተርፉ ጥሩ ነው። ያለ አዳኝም በእርጅናና በጠብ የሚሞት አውራ አለ። ስለዚህ ይህ መንጋ በዓመት የሚችለው 1፣ ቢበዛ 2 ነው። አምስት ቢወሰድ በሦስተኛው ዓመት አውራ የተባለው ሁሉ ጎረምሳ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምትከታተሉት ቁጥር በ100 አዋቂ ሴት ስንት ግልገል እንዳለ ነው። በምሳሌው 24 ለ60፣ ማለትም 40 ለ100 ነው። ይህ ቁጥር ከ20 በታች ሲወርድ የሚቀጥለውን ዓመት ኮታ ዜሮ አድርጉ፤ ደኑ በአውራ ቢሞላም። የአንድ ክፉ ዓመት ጉድለት ቀንድ ላይ የሚታየው ስድስት ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው፤ አውራ ብቻ የሚቆጥር ቀጠና ነገሩ ሲገባው ጊዜው አልፏል። የአንድ ዓመት ቆጠራ በአየርና በዕድል ሊዛባ ስለሚችል ኮታ የምትጠይቁት በሦስት ዓመት አማካይ ይሁን፤ ለማቆም ግን አማካይ አትጠብቁ። የመጨረሻውን ቁጥር የሚወስነው ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ነው፤ ከተፈቀደው በታች ማደን ግን ሁልጊዜ በእጃችሁ ነው።

ግልገል የሚገድለው ምንድን ነው

ውሻ። በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም። ከከብት ጋር ወደ ደን የሚገባ ያልታሰረ ውሻ የተኛ ግልገል ያገኛል፤ ነፍሰ ጡሯንም እያሯሯጠ ያስወርዳታል። ስካውት ውሻ ተኩሶ ቢገድል ግን ከባለቤቱ ጋር ጠላትነት ይፈጠራል፤ በማግሥቱም ወጥመድ ይበዛል። የሚሠራው ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ውሻ ወደ ደን እንዳይገባ መስማማት፣ ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋርም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ በነፃ እንዲሰጥ ማመቻቸት ነው። ክትባቱ ለሰዉም ለልጆቹም ስለሚጠቅም ስምምነቱን ያጸናዋል።

ሁለተኛው ከብት ነው። ከብት ራሱ አጋዘን አይገድልም፤ የሚያጠፋው መሸሸጊያውን ነው። ከጉልበት በታች ያለው ቁጥቋጦ ከተረገጠና ከተበላ ግልገሉ የሚተኛበት ያጣል። ከመላው ቀጠና ከብት ማስወጣት አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም። ግልገል የሚበዛባቸውን ሁለት ሦስት ሸለቆዎች ለይታችሁ ለወሊድ ወራት ብቻ ከግጦሽ ነፃ እንዲሆኑ ተነጋገሩ፤ በምትኩ የሣር አጨዳ በተራ ይፈቀድ። ልዩነቱ በዓይን እንዲታይ 10 በ10 ሜትር የሆነች ቦታ በእሾህ አጥሩና በየዓመቱ ከውጭው ጋር እያነጻጸራችሁ ፎቶ አንሡ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያዩት ነገር ከየትኛውም ሪፖርት ይልቅ ያሳምናቸዋል።

ሽቦ ወጥመድ የሚዘረጋው በብዛት በገብስ ማሳና በደን መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ማሳው ሲያሸት አጋዘኑ ሌሊት ይወጣል፤ ገበሬው ሰብሉን ለማዳን ይዘረጋል፤ ሥጋ ፈላጊም በዚያው ይጠቀማል። ቅኝቱን በዚያ ወቅት በየሁለት ቀኑ አድርጉ። የተነቀለ ወጥመድ ሁሉ ቦታውና ቀኑ ይመዝገብ፤ ቅኝት በጨመረበት ወር የወጥመድ ቁጥር ቢጨምር መደንገጥ አያስፈልግም፤ የምታወዳድሩት በአንድ የቅኝት ቀን ስንት እንደተገኘ ነው።

ጨው ስለማስቀመጥ ደጋግሞ ይጠየቃል። አታድርጉት። አሞሌው የሚጠራው የአካባቢውን ከብት ጭምር ነው፤ አጋዘንና ከብት በአንድ ቦታ ሲልሱ በሽታ ይለዋወጣሉ፤ ሕገ ወጥ አዳኝም የት መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። የተፈጥሮ ሆራ ካለ እሱን መጠበቅ ይበቃል።

ያለ ጥይት ቁስል የሞተ አጋዘን ስታገኙ፣ በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም ከፈሰሰ፣ አትክፈቱት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ቢላዋ ከገባበት ጀርሙ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም አሳውቁ፣ ውሻና ጅብ እንዳይደርስበት ጠብቁ፤ ሐኪሙ ካዘዘ በኋላ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር።

የሚታደነውን መምረጥና ከዚያ በኋላ

የሚታደነው ወንድ ብቻ ነው፤ ከወንዱም ያረጀው። ያረጀ አውራ ብቻውን ወይም ከሌላ ሽማግሌ ወንድ ጋር ይውላል፣ ቀለሙ ጠቁሯል፣ የቀንዱ ጫፍ ተፍቆ ነጥቷል ወይም ደንዝዟል። ረጅም ግን ጫፉ ገና የሾለ ቀንድ ያለው በጉብዝናው ላይ ያለ ነው፤ ደንበኛው ቢጓጓም ይለፍ። ይህን የመወሰን ሥልጣን ከአደኑ በፊት በጽሑፍ ለአስጎብኚ አዳኙና ለስካውቱ ይሰጥ፤ እዚያው ተራራ ላይ ከደንበኛ ጋር መከራከር አይሆንም። ስሪያው በታኅሣሥ አካባቢ ስለሚበረታ ፈቃዱ የሚሸፍነው ጊዜ ከፈቀደ አደኑን ከዚያ በኋላ አድርጉት፤ አውራው ዘሩን ተክቶ ይሄዳል።

የቆሰለና ያልተገኘ አጋዘን እንደተገደለ ይቆጠር፣ ኮታውም በዚያው ይዘጋ። ይህ ሕግ በሌለበት ቀጠና ሁለተኛ ጥይት ሁልጊዜ አለ።

ቀንዱ የሚለካው ከሥር እስከ ጫፍ ጠመዝማዛውን ተከትሎ በሚተጣጠፍ የብረት ሜትር ነው፤ የሥሩ ዙሪያም ይለካል። ከቀንዱ የበለጠ ዋጋ ያለው ግን የታችኛው መንጋጋ ነው። ቀቅላችሁ አጽዱት፣ ቁጥር ጻፉበት፣ አስቀምጡት። የመንጋጋ ጥርሱ ምን ያህል እንደተፋቀ ከዓመት ዓመት ስታነጻጽሩ በእርግጥ ያረጁትን እየወሰዳችሁ መሆን አለመሆኑን ታውቃላችሁ። የዘንድሮዎቹ ጥርሶች ካለፈው ዓመት ይልቅ ያልተፋቁ እየሆኑ ከመጡ ኮታው በዝቷል ማለት ነው፣ ቀንዱ የፈለገውን ያህል ቢረዝም።

ሥጋውን በተመለከተ አስቀድማችሁ ከሽማግሌዎች ጋር ጨርሱ። ሙስሊሙ ነፍሱ ሳትወጣ በሙስሊም እጅ ካልታረደ አይበላውም፤ ክርስቲያኑ ደግሞ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ጾም ከሆነም ጭራሽ አይነካም። ስለዚህ በየቀበሌው ነዋሪ መሠረት ማን እንደሚያርድና ሥጋው ለማን እንደሚደርስ ከአደኑ ቀን በፊት ይታወቅ። ያልተነጋገሩበት ሥጋ ደን ውስጥ ይበሰብሳል፣ ሕዝቡም አደኑን የውጭ ሰው ጨዋታ አድርጎ ያየዋል።

የቆጠራው መዝገብ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፦ አንዱ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ለቀጠናው ቢሮ፣ አንዱ ለቀበሌው። የቀበሌው ቅጂ በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ በስብሰባ ላይ ይነበብ፤ የግልገሉ ቁጥር፣ የተነቀለው ወጥመድ፣ የታደነው ወንድና ለቀበሌው የገባው ገንዘብ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ።